«ስለዚህ ልቦለድ ምንም አልተጻፈም» ከማለታችሁ በፊት፦ በቤተ መጻሕፍት ዳታቤዝ የሥነ ጽሑፍ ጥናት አፈላለግ

ሲኒየር ኤሴይ ወይም ቴዚስ የሚጽፉ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይልኩልኛል። «ልቦለዱን መርጫለሁ፤ አማካሪዬም እሺ ብለውኛል። ግን ዳታቤዝ ላይ ብፈልግ ብፈልግ ምንም የለም። ክለሳ ድርሳናቱን በምን ልጻፈው?» ምን ብለው እንደፈለጉ ስጠይቃቸው የሚልኩልኝ ብዙውን ጊዜ የጥናታቸውን ሙሉ ርዕስ ነው። አሥራ አምስት ቃል ያለው ርዕስ፣ እንዳለ ተገልብጦ የፍለጋው ሳጥን ውስጥ ገብቷል።

በዚህ መንገድ ብዙ ነገር አይገኝም። ዳታቤዝ (የጥናት ጽሑፎች ተመዝግበው የሚፈለጉበት የኢንተርኔት ማከማቻ) በዋናነት የተየባችሁትን ቃል ይዞ ያው ቃል ያለበትን ጽሑፍ ነው የሚፈልገው። አንድ ፊደል ከተለየ ለእሱ ሌላ ቃል ነው። የኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ስሞቻችንና የመጻሕፍቶቻችን ርዕሶች በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ አንድ ቋሚ አጻጻፍ የላቸውም። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ከፍለጋው በፊት ነው።

ሁሉንም በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ተማሪ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዛለች እንበል። ጥያቄዋ «ጉዱ ካሣ የዘመኑን የባላባት ሥርዓት የሚተቸው እንዴት ነው?» የሚል ነው። እናንተ በዚህ ቦታ የራሳችሁን ልቦለድ ተኩበት። እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ሳጥኑ ውስጥ ስትተይቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• ልቦለዱ ራሱ። የደራሲውን ስም፣ የኅትመት ዓመቱንና አሳታሚውን የያዘው የፊት ገጽ አብሮ መኖር አለበት። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ያ ገጽ ብዙ ጊዜ ይጎድላል፤ ከቤተ መጻሕፍት ቅጂ በስልክ አንሱት።
• የጥናት ጥያቄያችሁ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ።
• የዩኒቨርሲቲው ኢሜይልና የቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ስምና ፓስወርድ። ከሌላችሁ ከሁሉ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ።
• ደብተር። የፈለጋችሁትን ሁሉ የምትመዘግቡበት።
• ላፕቶፕ ወይም የላብ ኮምፒውተር። በስልክ ማንበብ ይቻላል፤ ረጅም ፍለጋ መጻፍና ውጤት ማስቀመጥ ግን በስልክ ያንገላታል።
• ዞቴሮ የተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ማጣቀሻ ለማስቀመጥ።
• ፍላሽ፣ ወይም ፋይሉን ለራሳችሁ የምትልኩበት ኢሜይል።

1. ጥያቄውን ቆራርጡት

ዓረፍተ ነገሩን ወስዳችሁ ዋና ዋና ሐሳቦቹን ብቻ ለዩ። በምሳሌያችን ሦስት አሉ፦ ልቦለዱ (ከነደራሲው)፣ ገጸ ባሕርዩ፣ እና የሥርዓቱ ትችት። «እንዴት»፣ «ይተቻል»፣ «በዘመኑ» የሚሉት ቃላት ለፍለጋ አይጠቅሙም፤ ጣሏቸው።

አሁን ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በእያንዳንዱ ዓምድ ሥር ያንኑ ሐሳብ ሌላ ሰው ምን ብሎ ሊጠራው እንደሚችል ጻፉ። ለሦስተኛው ዓምድ ለምሳሌ «ፊውዳሊዝም»፣ «ክላስ»፣ «አሪስቶክራሲ»፣ «ሶሻል ክሪቲሲዝም»፣ «ትራዲሽን»፣ «ሞደርኒቲ» ይገባሉ። እናንተ «የባላባት ሥርዓት» ያላችሁትን አንዱ አጥኚ «ፊውዳሊዝም» ብሎ፣ ሌላው «ባህልና ዘመናዊነት» በሚል ርዕስ ሥር ጽፎት ሊሆን ይችላል። በአንዱ ቃል ብቻ ከፈለጋችሁ የሌላውን ጽሑፍ ዓይናችሁ እያየ ታልፉታላችሁ።

2. ስሞቹ በስንት መልክ እንደሚጻፉ ዘርዝሩ

«ምንም የለም» የሚለው ተማሪ ብዙ ጊዜ የዘለለው ይህንን ደረጃ ነው። ግማሽ ሰዓት ስጡት።

«ፍቅር» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ቅ»ን አንዱ ጸሐፊ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፋታል። ከ«ፍ» በኋላ ያለችውን አጭር ድምፅ አንዱ በአይ፣ ሌላው በኢ፣ የቋንቋ አጥኚው ደግሞ በተገለበጠ ኢ ይጽፋታል። ይህን ያህል መለያየት በአንዲት አጭር ቃል ውስጥ ነው። «እስከ» ላይ ስትደርሱ በኢ የሚጀምረውም በአይ የሚጀምረውም አለ። «መቃብር» በኬም በኪውም ይጻፋል፤ የመጀመሪያዋን ድምፅ አንዱ በኢ፣ ሌላው ሁለት ነጥብ ባለባት ኤ ይጽፋታል። ሌላው ደግሞ ርዕሱን ጨርሶ ይተረጉመዋል፤ «ላቭ አንቱ ዘ ግሬቭ» ወይም «ላቭ አንቲል ዘ ግሬቭ» ይላል።

የደራሲው ስምም እንደዚሁ ነው። «ሐዲስ» በአንድ ዲም በሁለት ዲም ይጻፋል። «ዓለማየሁ»ማ መልኩ ብዙ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የስም ቅደም ተከተል አለ። የውጭ ዳታቤዞች መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱት፣ አንዱ መዝገብ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ሲል ሌላው «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ይላል። ስለዚህ የደራሲውን ስም በሁለቱም ቅደም ተከተል ሞክሩ። የኢትዮጵያውያን አጥኚዎችን ስም ስትፈልጉም ይኸው ሕግ ነው።

በአማርኛ ፊደል ስትፈልጉ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። የአገር ውስጥ የቴዚስ ማከማቻዎች ላይ የአማርኛ ርዕስ በአማርኛ ፊደል ተመዝግቦ ታገኛላችሁ። ግን «ሐዲስ» እና «ሀዲስ»፣ «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ»፣ «ካሣ» እና «ካሳ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። እኛ አንድ አድርገን የምናነባቸውን ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ማሽኑ ሁልጊዜ አንድ አያደርጋቸውም። ቢያንስ ሁለት ሁለት አጻጻፍ ሞክሩ። «ሥነ ጽሑፍ»ን ራሱን በስንት መልክ ተጽፎ እንዳያችሁት አስቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቆዩ የአማርኛ ቴዚሶች በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ ናቸው። ፒዲኤፉን ስትከፍቱት አማርኛው በትክክል ይታያል። አንድ መስመር ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ብትለጥፉት ግን የተዘበራረቀ ምልክት ይወጣል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ያንን ምልክት ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ «ጉዱ ካሣ» አርባ ጊዜ ቢጻፍም ፍለጋ አያገኘውም። ስካን ተደርገው የገቡትም ያው ናቸው፤ ለማሽኑ ፎቶ ናቸው። እንዲህ ያሉትን በርዕስና በአጥኚ ስም ብቻ ፈልጓቸው፤ ውስጣቸውን በዓይን ነው የምታነቡት።

3. የትኛው ቦታ ምን እንዳለው ለዩ

ዳታቤዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ስለ አማርኛ ልቦለድ ስትፈልጉ እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

መጀመሪያ የአገር ውስጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴዚስና የጥናት ማከማቻ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻም አለ። በአማርኛ ልቦለዶች ላይ በአማርኛ የተሠሩ የማስተርስ ጥናቶችን የምታገኙት እዚህ ነው። ውጭ አገር ያሉት ትልልቅ ዳታቤዞች አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን አያውቋቸውም። ቴዚስ እንደ ጆርናል ጽሑፍ በገምጋሚዎች አልታየም፤ ግን በመጨረሻው ገጽ ያለው የዋቢ ዝርዝር ወርቅ ነው። ከናንተ በፊት ያንኑ መንገድ የሄደ ሰው የተወላችሁ ካርታ ነው።

ቀጥሎ ጄስቶር የሚባለው ትልቅ የጆርናሎች ማከማቻ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጆርናል ቆየት ያሉ እትሞች እዚህ አሉ። «ኖርዝኢስት አፍሪካን ስተዲስ» እና «ሪሰርች ኢን አፍሪካን ሊትሬቸርስ» የሚባሉት ጆርናሎችም እንዲሁ። ጄስቶር የሚፈልገው ሙሉውን ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ፣ በርዕሱ ላይ ያልተጠቀሰ ልቦለድ ውስጡ ካለ ያገኝላችኋል። ጉድለቱ ብዙዎቹ ጆርናሎች የቅርብ ዓመታት እትሞቻቸውን እዚያ አለማስገባታቸው ነው። አዳዲሶቹን ፕሮጀክት ሚዩዝ በሚባለው ሌላ የጆርናሎች ዳታቤዝ ላይ ፈልጉ።

ሦስተኛ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያሳትሟቸው በርካታ ጆርናሎች አሉበት፤ ብዙዎቹን በነጻ ማውረድ ይቻላል። ከሐምቡርግ የሚወጣው «ኤቲዮፒካ» እና በፈረንሳይኛ የሚበዛው «አናል ዴቲዮፒ» ደግሞ በየራሳቸው ገጽ በነጻ ይነበባሉ። ፈረንሳይኛ አላውቅም ብላችሁ አትለፉት፤ አንዳንዱ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው።

የኤምኤልኤ ኢንተርናሽናል ቢብሊዮግራፊ ለሥነ ጽሑፍና ለቋንቋ ጥናት የተዘጋጀ ትልቅ መዝገብ ነው። ብዙውን ጊዜ ኤብስኮ በሚባለው የዳታቤዝ አቅራቢ በኩል ነው የሚከፈተው። የናንተ ቤተ መጻሕፍት ካለው ዕድለኞች ናችሁ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ኮሌጅ የምትማሩ የዳታቤዞቹን ዝርዝር ከፍታችሁ እዩ፤ በተለይ ትልልቆቹ ጋ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጎግል ስኮላር፣ የጎግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ለማሟያ ጥሩ ነው። ሰፊ ነው፤ ግን አይመርጥም። የተገመገመውንም፣ ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ግምገማ የሚያትመውንም ጆርናል ጎን ለጎን ያስቀምጥላችኋል። መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ተጠቀሙበት።

4. በቤተ መጻሕፍቱ በር ግቡ

ጎግል ላይ «ጄስቶር» ብላችሁ ቀጥታ ከገባችሁ ዳታቤዙ እንደ መንገደኛ ነው የሚያያችሁ፤ ክፈሉ ይላችኋል። በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በኩል ስትገቡ ግን ዩኒቨርሲቲያችሁን ያውቃል። ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ የግቢው ኔትወርክ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ቤት ከሆናችሁ መግቢያ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል።

ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ ወይም በርካሽ በሚከፍተው ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም የተመዘገቡ የኢትዮጵያ ተቋማትም አሉ። ፓስወርዱ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የተቋሙን ፓስወርድ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። አንድ ሰው ሺህ ፒዲኤፍ በአንድ ሌሊት ካወረደበት የሚዘጋው ለዩኒቨርሲቲው በሙሉ ነው። የላብ ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁም ስትጨርሱ ከአካውንታችሁ ውጡ።

5. ከሰፊ ጀምራችሁ አጥብቡ

መጀመሪያ የልቦለዱን ርዕስ ብቻ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ። ትምህርተ ጥቅስ ቃላቱ ተከታትለው የመጡበትን ብቻ እንዲያመጣ ያስገድደዋል። ያለ እሱ «ፍቅር» የሚለው ስም ያለበትን ሁሉ ይጎትትላችኋል፤ የሰው ስምም ስለሆነ መዓት ነው።

ቀጥሎ የዘረዘራችኋቸውን አጻጻፎች በሙሉ በቅንፍ ውስጥ አስገብታችሁ በመካከላቸው «ኦር» ጻፉ። «ኦር» ማለት ከነዚህ አንዱ ካለ ይበቃል ማለት ነው፤ ውጤቱን ያሰፋል። ከዚያ «ኤንድ» ብላችሁ የሌላ አንድ ዓምድ ቃላት (በምሳሌያችን የሥርዓቱን ትችት) በሌላ ቅንፍ አስገቡ። «ኤንድ» ማለት ሁለቱም ይኑሩ ማለት ነው፤ ያጠብባል። ሁለቱንም ቃላት በትልልቅ ፊደላት ጻፏቸው፤ በትንንሽ ከተጻፉ አንዳንዱ ዳታቤዝ ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም።

የኛ ፍለጋ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦

(«ፍቅር እስከ መቃብር» በኬ ኦር «ፍቅር እስከ መቃብር» በኪው ኦር «ላቭ አንቱ ዘ ግሬቭ») ኤንድ (ፊውዳሊዝም ኦር ክላስ ኦር ሞደርኒቲ)

ቅንፉን አትርሱ። ቅንፍ ከሌለ ማሽኑ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ በራሱ ይወስናል፤ የሚወስነው ደግሞ እናንተ እንዳሰባችሁት ላይሆን ይችላል።

ሦስቱንም ዓምድ በአንድ ጊዜ አትጨምሩ። በሁለት ጀምሩ። ውጤቱ ከመቶ በላይ ከሆነ ያን ጊዜ የቀረውን ዓምድ ጨምሩ። ስለ አንድ አማርኛ ልቦለድ ስትፈልጉ ብዙውን ጊዜ የቀረው ዓምድ አያስፈልግም፤ የሚመጣው ጥቂት ስለሆነ ሁሉንም ማየት ትችላላችሁ።

ሁለት አቋራጮች አሉ። ኮከብ ምልክት የቃሉን መጨረሻ ክፍት ይተዋል፤ «ፊውዳ» ድረስ ጽፋችሁ ኮከብ ብታደርጉ ፊውዳልም ፊውዳሊዝምም ይመጣል። ጄስቶር ላይ ደግሞ ጥያቄ ምልክት አንዲት ፊደልን ይተካል፤ ኬ ይሁን ኪው ላልለየለት ቃል ግሩም ነው። የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ግን አይሠራም። ኤብስኮ ላይ በሁለት ቃላት መካከል «ኤን 5» ብትጽፉ በአምስት ቃላት ርቀት ውስጥ የተጠጋጉበትን ያመጣል። ምልክቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አንድ ጊዜ የእገዛ ገጹን ክፈቱ። ጎግል ስኮላር ላይ ኮከቡን አትመኑት።

6. ማጣሪያዎቹን በጥንቃቄ

በግራ በኩል የሚደረደሩት ማጣሪያዎች ያጓጓሉ። መጀመሪያ ላይ አትንኳቸው። «ሙሉ ጽሑፍ ያለውን ብቻ» የሚለውን በተለይ ኤብስኮ ላይ ቶሎ ከነካችሁ፣ እዚያ ባይኖርም ሌላ ቦታ የሚገኘውን ጽሑፍ መኖሩን ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

የዓመት ማጣሪያ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልቦለዱ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ዳታቤዙ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ በዚያ 1965 ወይም 1966 ይሆናል። «ከ1958 ጀምሮ» ብሎ ማጣሪያው ላይ መሙላት እዚህ ጉዳት የለውም። «የዛሬ አምስት ዓመት ወዲህ» ብሎ በእኛ አቆጣጠር አስልቶ መሙላት ግን ሰባት ስምንት ዓመት ያዛባል። ዋቢ ስትጽፉም ያው ነው፤ የአማርኛውን መጽሐፍ «ዓ.ም.» ብላችሁ፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ባለበት ዓመት ተዉት። ሁለቱን ሳትለዩ ከቀላቀላችሁ፣ ልቦለዱ ላይ የተጻፈ ሒስ ከልቦለዱ ቀድሞ የታተመ ሊመስል ይችላል።

«የተገመገመ ብቻ» የሚለውን ማጣሪያ መምሪያችሁ ከጠየቀ ሁለተኛው ዙር ላይ አድርጉት።

7. መዝገቡን አንብቡ፣ ፒዲኤፉን ወዲያው አታውርዱ

ርዕሱን ስትጫኑ የሚመጣው ገጽ ሙሉው ጽሑፍ ሳይሆን መዝገቡ ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከላይ ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ የጆርናሉ ስም፣ ቅጽና ቁጥር፣ ዓመት፣ ገጽ አለ፤ እነዚህ ለዋቢ ያስፈልጓችኋል። ከሥር አብስትራክት፣ ማለትም የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ። ከእሱ በታች ደግሞ «ሰብጀክት» በሚል የተዘረዘሩ ቃላት ይኖራሉ። እነሱን ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ። የዳታቤዙ ሠራተኞች ጽሑፉን ያስቀመጡት በነዚህ ቃላት ሥር ነው፤ እናንተ ያላሰባችሁት ቃል እዚያ ውስጥ ይገኛል። አንዱን ተጫኑት፤ በዚያው ቃል ሥር ያሉትን ሌሎቹን ይዘረዝርላችኋል።

አብስትራክቱ የሚስማማ ከሆነ ፒዲኤፉን ክፈቱና ውስጡ የገጸ ባሕርዩን ስም ፈልጉ፤ በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም። ስሙ አንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም በዝርዝር መካከል ከመጣ ጽሑፉ ለዚያ ነጥብ አይረዳችሁም። ሁለት ሦስት ገጽ ላይ ተደጋግሞ ከመጣ አውርዱት። ኔትወርክ ሲቆራረጥና ዳታ በገንዘብ ሲሆን ይህ ልማድ ብዙ ያድናል።

8. ከአንዱ ወደ ሌላው ተሸጋገሩ

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኛችሁ ከዚያ በኋላ ፍለጋው ይቀላል። ወደ ኋላ ሂዱ፦ የዋቢ ዝርዝሩን አንብቡና ስለ ልቦለዱ ወይም ስለ ዘመኑ የሚናገሩትን አስምሩባቸው። ወደ ፊትም ሂዱ፦ ጎግል ስኮላር ላይ ርዕሱን ፈልጉና ከሥሩ «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ ወዲህ ይህን ጽሑፍ የጠቀሱትን ያመጣላችኋል።

አንድ መጽሐፍ በሦስት በአራት ጥናት ዋቢ ላይ ተደጋግሞ ከታየ እሱ ሊቀር አይችልም። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ዳታቤዝ ላይ የሌሉ ወፍራም መጻሕፍት ናቸው። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጓቸው። ስለ አማርኛ ድርሰት የተጻፉ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የስም ማውጫ ሊኖራቸው ይችላል፤ የደራሲያችሁን ስም እዚያ አይታችሁ ቀጥታ ገጹ ላይ መግባት ትችላላችሁ። ወደዚያ ስትሄዱ መታወቂያና ደብተር ያዙ። ቴዚሶች ብዙውን ጊዜ ለውሰት አይወጡም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው።

9. ጽሑፉ ከተዘጋባችሁ

«ይግዙ» የሚል ቁልፍ ከመጣ አትክፈሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ።

ሀ. በቤተ መጻሕፍቱ በኩል መግባታችሁን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ መንስኤው ይኸው ነው።
ለ. ጎግል ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር «ኦል ቨርዥንስ» የሚለውን ክፈቱ። ጸሐፊው በነጻ ያስቀመጠው ቅጂ ሊኖር ይችላል።
ሐ. ጄስቶር ላይ በግል ኢሜይላችሁ ነጻ አካውንት ክፈቱ። በየ30 ቀኑ እስከ 100 ጽሑፍ በመስመር ላይ ማንበብ ይፈቅዳል። ማውረድ ላይፈቅድ ይችላል፤ ስለዚህ እያነበባችሁ ማስታወሻ ያዙ።
መ. ለጸሐፊው ጻፉ። አጭር፣ ትሁት ኢሜይል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምታጠኑ፣ የጽሑፉ ርዕስ። ብዙ አጥኚዎች ጽሑፋቸው ሲፈለግ ደስ ይላቸዋል።
ሠ. አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ «ኢንተርላይብረሪ ሎን» የሚለውን ቅጽ ሙሉ። የናንተ ኮሌጅ የሌለውን ጽሑፍ ከሌላ ኮሌጅ ያስመጣላችኋል፤ ለተማሪ ብዙውን ጊዜ በነጻ ነው።

10. ወዲያው መዝግቡ

ሦስት ነገር ነው የሚመዘገበው።

ፋይሉ። ዳታቤዙ የሚሰጠው የፋይል ስም ብዙ ጊዜ ቁጥር ብቻ ነው። ስታወርዱ ወዲያው ዓመት፣ ጸሐፊ፣ አጭር ርዕስ ብላችሁ ሰይሙት። ሃያ ፋይል በቁጥር ብቻ ተሰይሞ ካስቀመጣችሁ በኋላ ያንን አንድ ጥቅስ መፈለግ እንቅልፍ ያሳጣል።

ሊንኩ። ከላይ ካለው የአድራሻ መስመር አትቅዱ። እሱ የዛሬው ቆይታችሁ አድራሻ ሊሆን ይችላል፤ ነገ አይከፈትም። መዝገቡ ላይ «ስቴብል ዩአርኤል»፣ «ፐርማሊንክ» ወይም «ዲኦአይ» የሚለውን ፈልጉና እሱን ቅዱ።

ማጣቀሻው። ዞቴሮ መዝገቡን በአንድ ጠቅታ ይወስዳል፤ ግን የኢትዮጵያውያንን ስም ይገለብጣል። «ሐዲስ» የመጀመሪያ ስም፣ «ዓለማየሁ» የቤተሰብ ስም ብሎ ይከፍለዋል፤ ዋቢው ላይ «ዓለማየሁ» በሚለው ይጀምራል። የስሙ ሳጥን አጠገብ ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ የሚያደርግ ትንሽ ምልክት አለ። ተጫኑትና ሙሉ ስሙን በአንድ ላይ ጻፉ። ከዚያ በፊት ግን መምሪያችሁ የኢትዮጵያ ስም እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልግ አማካሪያችሁን ጠይቁ። አንዳንዱ መገልበጥ ግዴታ ነው ይላል።

ደብተሩ ላይ ደግሞ ቀን፣ ዳታቤዝ፣ የተየባችሁት ፍለጋ፣ የመጣው ብዛት፣ የጠቀማችሁ ስንቱ እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ። ምንም ያላመጣውንም ጻፉ። ካልጻፋችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ፍለጋ ትደግሙታላችሁ።

11. እውነትም ምንም ከሌለ

ሁሉንም ሞክራችሁ ስለ ልቦለዱ ሁለት ነገር ብቻ ካገኛችሁ ጥናቱ አልከሸፈም። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጡ፦ ስለ ደራሲው፣ ቀጥሎ ስለ አማርኛ ልቦለድ በጥቅሉ፣ ቀጥሎ ስለ ዘመኑ ማኅበረሰብ። ወደ ጎንም እዩ፦ የሌላ አፍሪካዊ ልቦለድ ላይ ስለ ባህልና ዘመናዊነት ግጭት የተጻፈ ጥናት የናንተን ገጸ ባሕርይ የምታዩበት መነጽር ይሆናል። ክለሳ ድርሳናት ማለት ስለ አንዱ መጽሐፍ የተጻፈውን መሰብሰብ ብቻ አይደለም። «በዚህ ገጸ ባሕርይ ላይ ያተኮረ ጥናት አላገኘሁም» ብላችሁ መጻፍም ትችላላችሁ፤ የት የት እንደፈለጋችሁ ከመዝገባችሁ ማሳየት ከቻላችሁ።

ተደጋግመው የማያቸው ስሕተቶች

አብስትራክት አንብቦ ሙሉውን እንዳነበቡ መጥቀስ። አብስትራክት ጽሑፉ ምን እንዳደረገ ይነግራል እንጂ እንዴት እንዳደረገው አይነግርም። አማካሪው አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ መልስ አይኖራችሁም።

ከቻትቦት የተገኘ የዋቢ ዝርዝር ማስገባት። ይህ አሁን አሁን በጣም በዝቷል። የጸሐፊ ስም፣ ጆርናል፣ ዓመት፣ ገጽ ሁሉ አሳምሮ ይሰጣችኋል፤ ጽሑፉ ግን ላይኖር ይችላል። ለቃላት ሐሳብ ተጠቀሙበት፤ ዋቢ ከሰጣችሁ ግን ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ አድርጋችሁ ዳታቤዝ ላይ ፈልጉ። ካልተገኘና በጆርናሉ ገጽ ላይም ከሌለ አውጡት። ያልነበረ ጽሑፍ ዋቢ ላይ መገኘቱ ቴዚሱን ሙሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይከተዋል።

የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ማየት። ውጤቱ የሚደረደረው ማሽኑ ይሆናል ባለው ቅደም ተከተል ነው። የናንተ አጻጻፍ ካልገጠመ ዋናው ጽሑፍ ሦስተኛ ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል።

አሥር ቴዚስ ሰብስቦ «ክለሳ ድርሳናት ጨረስኩ» ማለት። ቴዚሶቹ እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ አንድ ስሕተት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የጠቀሱትን መነሻ ጽሑፍ ራሱን ፈልጋችሁ አንብቡ።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን አለመጠየቅ። ስትሄዱ «ስለ ልቦለድ ጥናት ፈልጉልኝ» አትበሏቸው። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና «ይህን ይህን ብዬ እዚህ እዚህ ፈልጌያለሁ፤ የመጣው ይህ ነው፤ ምን ቀርቶኛል?» በሏቸው። ከዚያ ጥያቄ ተነስተው ማያ ገጹን ወደ ራሳቸው አዙረው መተየብ ይጀምራሉ። እጃቸውን እያያችሁ የሚተይቡትን ቃል ጻፉ።